የእንጦጦ ሳንባ ብቻውን ከተራራ አያወርድም

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የመለስናቸው ጥያቄዎች ሁሉ ስለ ረጅም የተራራ ሩጫ ናቸው። የተላኩልን ከከተማዋ ዳርቻ ነው፤ ከሱሉልታ፣ ከለገጣፎ፣ ከቡራዩ፣ ከኮተቤ፣ ከሰበታ። ረዘም ያሉትን አሳጥረናል፤ አንድ ዓይነቶቹን አንድ ላይ አድርገናል።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 26 ነው፤ ልምምዴ ሱሉልታ ነው። ግማሽ ማራቶን በ1 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ሮጫለሁ። አስፋልቱ ላይ ሰው በዛ፤ በዚህ ሰዓት የትም አልደርስም። ወደ ተራራ ሩጫ ልዞር ነው። ሻሞኒ ላይ የሚደረገውን 170 ኪሎ ሜትር በቀጥታ ብመዘገብስ? ከፍታ እንደሆነ አያስፈራኝም። (ተ.፣ ከሱሉልታ)

መልስ፦ ወንድማችን፣ ከመጨረሻው ዓረፍተ ነገርህ እንጀምር። ስለ ከፍታው ልክ ነህ፤ ምናልባት ከምታስበውም በላይ። በአልፕስ ተራሮች ላይ የሚደረገው የሞን ብላን ዙሪያ ሩጫ የሚነሳው ፈረንሳይ ካለችው ሻሞኒ ነው፤ ከተማዋ ያለችው 1,035 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ጣሊያንንና ስዊዘርላንድን አቋርጦ እዚያው ይመለሳል። በመንገዱ ያሉት ትልልቆቹ የተራራ ማለፊያዎች 2,500 ሜትር ገደማ ናቸው። ሱሉልታ 2,700 ገደማ ነው። ጠዋት ቁርስህን የምትበላው ከውድድሩ ጫፍ በላይ ተቀምጠህ ነው ማለት ነው።

ግን ውድድሩ የሚፈትነው ሳንባን አይደለም። በዚያ 170 ኪሎ ሜትር ውስጥ 10,000 ሜትር ያህል ዳገት አለ፤ የወጣኸውን ሁሉ ደግሞ ትወርደዋለህ። አንደኛ የሚገባው ሰው እንኳ 20 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል፤ ሲካፈል በኪሎ ሜትር 7 ደቂቃ መሆኑ ነው። አንተ በግማሽ ማራቶን ኪሎ ሜትሩን በ3 ደቂቃ ከ8 ሰከንድ ስትጨርስ የኖርክ ሰው፣ እዚህ ፍጥነትህ ጭራሽ አይጠየቅም። የሚጠየቀው ጭንህ፣ ሆድህና ሌሊቱን እንዴት እንደምታሳልፈው ነው። የመጨረሻው የመግቢያ ገደብ 46 ሰዓት ተኩል ስለሆነ ብዙው ሯጭ ሁለት ሌሊት ያያል።

መጠኑን ለመገመት የተራራ ሯጮች ቀላል ስሌት አላቸው፤ 100 ሜትር ዳገት እንደ 1 ኪሎ ሜትር ሜዳ ይቆጠራል። 170 ላይ 100 ስትጨምር 270 ይመጣል። ያንተ ግማሽ ማራቶን 21 ነው። ከ21 ወደ 270 ዝለል የሚልህ ሰው ወዳጅህ አይደለም። በዚያው ሳምንት ከሚካሄዱት ዋና ዋና ውድድሮች አጭሩ ከ55 እስከ 60 ኪሎ ሜትርና 3,500 ሜትር ያህል ዳገት አለው፤ በዚህ ስሌት 90 ገደማ ነው። የመጀመሪያ ግብህ የዚያ ዓይነት ውድድር ይሁን።

ለነገሩ በቀጥታ መመዝገብም አይቻልም። ለሳምንቱ ዋና ዋና ውድድሮች ቀደም ብሎ በሌሎች ውድድሮች የተመዘገበ ውጤት ያስፈልጋል፤ ከዚያም አዘጋጆቹ የሩጫ ድንጋይ የሚሉትን ነጥብ በዓለም ዙሪያ ካሉት ተከታታይ ውድድሮቻቸው ሰብስበህ ዕጣ ውስጥ ትገባለህ። በእነዚያ ማጣሪያዎች ከፊት የሚገቡት ዕጣ አይጠብቁም። ላንተ ዓይነቱ ፈጣን እግር የሚያዋጣው ይኸኛው መንገድ ነው።

ለ55 ኪሎ ሜትር 16 ሳምንት በቂ ነው። መቁጠር የምትጀምረው ኪሎ ሜትርን ሳይሆን ዳገትንና ሰዓትን ነው። በመጀመሪያዎቹ 4 ሳምንታት በሳምንት 1,000 ሜትር ዳገት ውጣ፤ ረጅሙ ሩጫ 2 ሰዓት ተኩል ይሁን። ከ5ኛው እስከ 8ኛው ዳገቱን ወደ 1,800፣ ረጅሙን ወደ 4 ሰዓት አድርሰው። ከ9ኛው እስከ 13ኛው በሳምንት ከ2,500 እስከ 3,000 ሜትር፤ ረጅሙ 5፣ ቢበዛ 6 ሰዓት። በማግስቱ በደከመ እግር 2 ሰዓት ቀስ ብለህ ትጨምራለህ፤ ይህቺ ሁለተኛ ቀን ከረጅሙ ሩጫ ባልተናነሰ ትሠራለች። በየአራተኛው ሳምንት ሲሶውን ቀንስ። በመጨረሻዎቹ 3 ሳምንታት ሰዓቱን በ25፣ ቀጥሎ በ50፣ ቀጥሎ በ70 በመቶ አውርደው። የአስፋልት ፍጥነት ልምምድ በሳምንት አንዴ ይቆይ፤ ከዚያ በላይ ግን አይሆንም።

ቦታውን በተመለከተ፣ የሱሉልታ መስክ ለዚህ ሥራ አያገለግልም፤ ሜዳ ነው፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ዋልካው ከጫማው ሥር ተጣብቆ እግርህን እንደ ድንጋይ ያከብደዋል። የዘወትር ዳገትህን እንጦጦ ላይ አድርግ። 100 ሜትር ከፍታ ያለው አንድ ተዳፋት ምረጥና 10 ጊዜ ተመላለስበት፤ 1,000 ሜትር ሞላህ ማለት ነው። በየሁለት ሳምንቱ አንዴ ደግሞ መናገሻ ሱባ ደን ገብተህ ወጨጫን ውጣ። ከደኑ ግርጌ እስከ ጫፉ ወደ 1,000 ሜትር ልዩነት ስላለ፣ ከአዲስ አበባ ዙሪያ ለአልፕስ የሚቀርበው ያልተቋረጠ ዳገት እሱ ነው። ከፍታ የሚለካው ሰዓትህ በአየር ግፊት የሚሠራ ከሆነ ከመነሳትህ በፊት ከፍታው በታወቀ ቦታ አስተካክለው፤ ዝናብ ሲመጣ ግፊቱ ስለሚለወጥ ቆመህ ሳለ ያወጣህ ያስመስላል።

ዳገት ላይ መራመድ ነውር አይደለም። በየ100 ሜትሩ 20 ሜትር በሚነሳ ተዳፋት ላይ መሮጥ ከፈጣን እርምጃ የበለጠ ጉልበት ይበላል እንጂ ያን ያህል አያስቀድምም። ከጉልበትህ ከፍ ብለህ በመዳፍህ ጭንህን እየተጫንክ፣ ጀርባህን ሳታጎብጥ ተራመድ። አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ካቃተህ ፈጥነሃል። ከአስፋልት ለመጣ ሯጭ በጣም የሚከብደው ትምህርት ይኸው ነው፤ ሰው ሲያልፈው ዝም ማለት።

ጥያቄ፦ የረር ተራራን ወጥቼ ወረድኩ። ስወጣ ምንም አልሆንኩም፤ በማግስቱ ግን ደረጃ መውረድ አቅቶኝ በቂጤ ልወርድ ምንም አልቀረኝም። ሁለት የእግር ጥፍሮቼም ጠቁረዋል። ምን አጥፍቼ ነው? (ጽ.፣ ከለገጣፎ)

መልስ፦ እህታችን፣ ያጠፋሽው ነገር የለም፤ ያልሠራሽው ግን አለ፤ ቁልቁለት። ዳገት ስትወጪ የጭንሽ ጡንቻ እያጠረ ይሠራል። ስትወርጂ ግን ሰውነትሽን ለመያዝ እየተጨበጠ ሳለ በግድ ይለጠጣል። በዚህ ጊዜ የጡንቻው ቃጫዎች በጥቂት በጥቂቱ ይሰነጠቃሉ፤ ሕመሙ ወዲያው አይሰማም፤ ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይበረታል። ውድድር ላይ ይህ የሚደርሰው ገና ግማሹ መንገድ ሲቀር ነው። ትንፋሹ ሙሉ ሆኖ፣ እግሩ አልታዘዝ ብሎት መንገድ ዳር የሚቀመጠው ሯጭ በሽታው ይህ ነው፤ ከእኛ ከደገኞች መካከል ደግሞ በሳንባው የሚተማመነው ሁሉ ቁልቁለትን የሚንቀው ሆኖ ይገኛል።

ደግነቱ ጡንቻ ትምህርት አይረሳም። አንድ ጊዜ ተጎድቶ ከዳነ በኋላ ተመሳሳዩን ቁልቁለት ለተወሰኑ ሳምንታት በጣም ባነሰ ሕመም ይችለዋል። ስለዚህ በትንሹ ጀምሪ። በመጀመሪያው ሳምንት ለስላሳ አፈር ወይም ሣር ባለበት ተዳፋት ላይ በድምሩ 10 ደቂቃ ቁልቁል ሩጪ፤ በአንድ ትንፋሽ ሳይሆን ሁለት ሁለት ደቂቃ እያደረግሽ። ሕመሙ ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ አትድገሚው። ቀስ በቀስ 40 ደቂቃ አድርሺው። ከባዱን የቁልቁለት ቀን በየ10 ወይም በየ14 ቀኑ አንዴ ብቻ ያዢ፤ የመጨረሻው ከውድድሩ ቢያንስ 10 ቀን ይቅደም።

ቤት ውስጥ የሚሠራም አለ። 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ደረጃ ጠርዝ ላይ በአንድ እግር ቁሚ፤ ሌላኛው ተረከዝ ወለሉን እስኪነካ በልብሽ እስከ ሦስት እየቆጠርሽ ጉልበትሽን እጠፊ፤ ከዚያ ተነሺ። በእያንዳንዱ እግር 12 ጊዜ፣ ሦስት ዙር፣ በሳምንት ሁለት ቀን። ጉልበትሽ ወደ ውስጥ ከተጣመመ ደረጃው በዝቶብሻል፤ ዝቅ አድርጊው።

አወራረዱን ለመማር ከእንጦጦ ጭራሮ ተሸክመው ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርዱትን እናቶች እግር ልብ ብለሽ ተመልከቺ። ሸክሙ ከትከሻቸው ግራና ቀኝ አልፎ ወጥቷል፤ እነሱ ግን አይንገዳገዱም። ጉልበታቸው አንዴም ቀጥ አይልም። እርምጃቸው ከአንድ ጫማ ብዙም አይበልጥም፤ ግን ይፈጥናል። እግራቸው የሚያርፈው ከፊታቸው ርቆ ሳይሆን ከሰውነታቸው ሥር ነው፤ ድንጋዩ ሲያንሸራትት ቀጣዩ እግር ቀድሞ ደርሷል። ቀጥ ባለው ቦታ ላይ መንገዱን በዝንባሌ ይቆርጡታል። የቁልቁለት ሩጫ ይኸው ነው፤ እርምጃን ማሳጠር፣ ጉልበትን ማላላት፣ ዓይንን ከእግር ጣት አንስቶ ሦስት አራት ሜትር ወደ ፊት መጣል። ወደ ኋላ ተለጥጦ በተረከዝ መፈርገጥ ጭንን የሚገድል ብሬክ ነው። ስትመለከቺ ግን መንገድ እንዳትዘጊባቸው፤ ሸክም ላለበት ሰው ቅድሚያ ይሰጣል።

ጥፍሩን ያጠቆረው ጫማሽ ነው። ስትወርጂ እግርሽ ወደ ፊት ተንሸራቶ ጣቶችሽ የጫማውን አፍንጫ ይመታሉ። ለረጅም ሰዓት ሲሮጥ እግር ስለሚያብጥ ጫማሽ ከረጅሙ ጣትሽ በአውራ ጣት ስፋት ያህል መብለጥ አለበት። ግዢውን ማታ ማታ፣ እግርሽ አብጦ ሳለ አድርጊው። ከዚያ ማሠሪያውን አስተካክዪ። ብዙው ጫማ ላይኛው ጫፍ ላይ አንድ ትርፍ ቀዳዳ አለው፤ ብዙ ሰው ባዶውን ይተወዋል። ክሩን በዚያው በኩል ከውጭ ወደ ውስጥ መልሰሽ አስገቢና በግራና በቀኝ ትንሽ ቀለበት ፍጠሪ፤ የግራውን ክር በቀኙ ቀለበት፣ የቀኙን በግራው አሳልፈሽ ወደ ታች ጠበቅ አድርጊና እሠሪው። ተረከዝሽ ከኋላ ተይዞ ይቀራል፤ ጣቶችሽ ግን ነፃ ናቸው። ጥፍርሽን ከውድድሩ ሦስት ቀን በፊት ቀጥ አድርገሽ ቁረጪ፤ በዋዜማው የተቆረጠ ጥፍር ስለቱ ጎረቤት ጣትን ያቆስላል።

ጥያቄ፦ የ51 ዓመት ሰው ነኝ። በውጭ ሀገር የሚሸጡት፣ እየሮጡ የሚዋጡት ጣፋጭ ጄሎች ዋጋቸው አይቀመስም፤ ሆዴም አይወዳቸውም። በበሶና በቆሎ ብቻ 12 ሰዓት መሮጥ ይቻላል? ጾምስ ሲመጣ ረጅሙን ልምምድ እንዴት ላድርገው? (መ.፣ ከቡራዩ)

መልስ፦ በበሶ ይቻላል፤ በቆሎ ግን ባይሞክሩት ይሻላል። ቆሎ አፍ ያደርቃል፤ ዳገት ላይ እየተነፈሱ ሲያኝኩት ትን ይላል፤ በዚያ ላይ ለመፍጨት ጊዜ ይወስዳል። ለመንገድ ዳር ወሬ እንጂ ለዳገት አልተፈጠረም።

ሰውነትዎ በሰዓት የሚፈልገው ወደ 60 ግራም ኃይል ሰጪ ምግብ ነው፤ ከስኳር ወይም ከስታርች። የሚከተለው ያንኑ ያህል ይሰጣል። 40 ግራም በሶ፣ ክምር ባለ የሾርባ ማንኪያ ሦስት ያህል፤ 40 ግራም ማር፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ፤ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው፤ ግማሽ ሊትር ውሃ። በሶው 28 ግራም ገደማ፣ ማሩ 33 ገደማ ይሰጥዎታል። ዱቄቱን በጣም በጠበበ ወንፊት ሁለት ጊዜ ይንፉት፤ ካልሆነ የውሃ መያዣውን አፍ ይደፍነዋል። ማሩን መጀመሪያ በጥቂት ለብ ያለ ውሃ ያሟሙ፤ በሶው ኋላ ይገባል። በሶ ስለሚዘቅጥ ከመጠጣትዎ በፊት ሁልጊዜ ይነቅንቁት። ሙቀት ባለበት ቀን ከሦስት አራት ሰዓት በላይ አያቆዩት፤ መቡካት ይጀምራል። ዱቄቱን በየመጠኑ በትንንሽ ፌስታል ቋጥረው ይዘው፣ በየውሃው ጣቢያ መበጥበጥ ይሻላል።

ነገር ግን 12 ሰዓት ሙሉ በሶ ብቻ መጠጣት ሆድ ያስነሳል፤ ገብስ ገለባው ብዙ ነው። በየሦስተኛው ሰዓት ይቀያይሩ። ስምንት ትንንሽ ቴምር 50 ግራም ገደማ ኃይል ሰጪ ይሰጣል። መካከለኛ የተቀቀለ ድንች በጨው 35 ግራም ያህል ይሰጣል፤ ማር ማር ያለው አፍ ጨዋማ ድንች ሲያገኝ ይመለሳል። ጭኮ ቅቤ ስላለው ቶሎ አይፈጭም፤ እየሮጡ ሳይሆን ሌሊት በብርድ እየተራመዱ የሚበላ ነው፤ በጾም ደግሞ ያው አይሆንም።

ሆድም እንደ ጭን ይለማመዳል። ሲሮጡ ደም ከአንጀት ወደ እግር ይሄዳል፤ በዚያ ሰዓት ያልለመደውን ምግብ ከጫኑበት መልሶ ይተፋዋል። በሰዓት በ30 ግራም ይጀምሩና በስድስት ሳምንት ውስጥ 60 ያድርሱት። መጀመሪያ ላይ በየ20 ደቂቃው ጥቂት ጥቂት መውሰድ እንጂ እስኪርብ መጠበቅ የለም፤ ረሃቡ ሲሰማዎት ዘግይተዋል።

ውሃውን በጥማትዎ ልክ ይጠጡ፤ ለአብዛኛው ሰው በብርድ ቀን በሰዓት ከ400 እስከ 600 ሚሊ ሊትር ነው። ከመሮጥዎ በፊትና በኋላ ይመዘኑ። ጥቂት ቀንሶ መገኘት ጤናማ ነው። ክብደትዎ ከጨመረ ግን ከሚገባው በላይ ጠጥተዋል፤ በደም ውስጥ ያለው ጨው ቀጥኖ ራስ ምታት፣ የጣት ማበጥ፣ ማስመለስ፣ ሲብስም መዘባረቅ ያመጣል። እንዲህ የሆነን ሰው ውሃ ጠጣ ማለት መግደል ነው፤ ወደ ሐኪም ነው የሚወሰደው።

ስለ ጾሙ ሥርዓት የንስሐ አባትዎን ያማክሩ፤ እኛ የምንናገረው ስለ ሰዓት አደላደል ነው። በሁዳዴ ቅዳሜና እሑድ ከጠዋት ጀምሮ እህል ውሃ ስለሚቀመስ ረጅሙን ሩጫ ቅዳሜ ላይ ያድርጉት። እሑድ ቅዳሴ አለ። በሥራ ቀናት ከሰዓት በኋላ ከ8 እስከ 9 ሰዓት ቀስ ያለ ሩጫ አድርገው ወዲያው ይግደፉ፤ ያለ ውሃ ከአንድ ሰዓት አይለፉ። ምስርና ሽሮውን በብዛት ይብሉ፤ ሎሚ ይጨምሩበት። ቡናና ሻይ ከምግቡ አንድ ሰዓት ይራቁ፤ በምግቡ ውስጥ ያለውን አይረን ሰውነት እንዳይወስደው ያግዳሉ። አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ የሞን ብላኑ ሳምንት በፈረንጆቹ ኦገስት መጨረሻ፣ በእኛ ነሐሴ 20ዎቹ ውስጥ ነው። ፍልሰታ በተፈታ በሳምንቱ መሆኑ ነው። በፍስኩ ጥሬ ሥጋና ቅቤ ላይ ወድቀው በታመመ ሆድ አውሮፕላን የሚሳፈር ሰው የ16 ሳምንት ልፋቱን በአንድ ማዕድ ይጨርሳል።

ጥያቄ፦ አዘጋጆች ግዴታ የሚሉት ዕቃ ዝርዝር አስደነገጠኝ። እውነት ሁሉም ያስፈልጋል? የቱን ከሰልባጅ፣ የቱን አዲስ ልግዛ? (ከ.፣ ከኮተቤ)

መልስ፦ ያስፈልጋል፤ በር ላይም በመንገድም ይፈተሻል፤ የጎደለው ሰው ሰዓት ይቀጣል ወይም ይሰናበታል። ዝርዝሩ ከውድድር ውድድር ቢለያይም መሠረቱ አንድ ነው። ኮፍያ ያለው ውሃ የማያስገባ ጃኬት፣ እጅጌው ረጅም የሆነ ሞቃት ልብስ፣ ረጅም ሱሪ፣ ቆብና ጓንት፣ ሁለት የግንባር ባትሪ፣ ፊሽካ፣ የሚያብለጨልጨው የነፍስ አድን ብርድ ልብስ፣ ላስቲክ ፋሻ፣ ቢያንስ አንድ ሊትር ውሃ የሚይዝ ዕቃ፣ የራስ ኩባያ፣ መጠባበቂያ ምግብ፣ ስልክ። በኦገስት እንኳ ሌሊት ማለፊያዎቹ ላይ ከዜሮ በታች ሊወርድ፣ በረዶም ሊጥል ይችላል። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ተኩል ገደማ ይቀንሳል፤ ነፋሱ ሳይቆጠር። ላብ ያራሰው ሰው እግሩ ተሰብሮ ግማሽ ሰዓት ቢቀመጥ የሚሞተው በስብራቱ ሳይሆን በብርዱ ነው።

ገንዘብ የሚወጣው ጃኬቱ ላይ ነው። ሰልባጅ ውስጥ ጥሩ ጃኬት ይገኛል፤ አመራረጡን ማወቅ ብቻ ነው። ገልብጠህ ስፌቱን እይ፤ በየስፌቱ ላይ ከውስጥ ቀጭን ፕላስቲክ መሰል ጥብጣብ ካልተለጠፈበት ነፋስ መከላከያ እንጂ የዝናብ ልብስ አይደለም። ጥብጣቡ ከተላጠ ወይም ውስጡ እንደ ፎረፎር ከተራገፈ ዕድሜውን ጨርሷል፤ ተወው። ምልክቱ ላይ 10,000 ሚሊ ሜትር የሚል ቁጥር ካለ አዘጋጆቹ የሚጠይቁት የውሃ መቋቋም ልክ እሱ ነው። ቤት ስትገባ ለብሰኸው ቧንቧ ሥር 10 ደቂቃ ቁም፤ ትከሻህና ክርንህ ከራሰ አልሆነም። የሱፍ ሹራብና ጓንት ከሰልባጅ ያለ ሥጋት ግዛ። ጥጥ ግን ቲሸርትም ቢሆን አይግባ፤ ከራሰ አይደርቅም፤ ሙቀትህን ይጠጣዋል። ቅያሪ ልብስህን ከቦርሳው ውስጥ በወፍራም ፌስታል ቋጥረው፤ ቦርሳው ውሃ አያስገባም የሚለውን አትመን።

ጫማና የግንባር ባትሪ አዲስ ይሁኑ። ያረጀ የጫማ ሶል ጥርሱ ቢተርፍም ማጣበቂያው ይለቃል፤ ያ ደግሞ የሚሆነው ጭቃ ውስጥ ነው። ባትሪው የብርሃን መጠኑ 200 ሉመን ከሆነ ይበቃል። መለዋወጫውን ከሰውነትህ ጋር አስጠግተህ ያዝ፤ በብርድ ቶሎ ይወርዳል። ጉም ሲመጣ ደግሞ ከግንባርህ ላይ አውልቀህ ወገብህ ላይ አድርገው፤ ግንባር ላይ ያለው ብርሃን ጉሙን መትቶ ወደ ዓይንህ ይመለሳል፤ ከታች ሲሆን ግን ድንጋዩን በጥላው ታየዋለህ። ይህንን በሐምሌ እንጦጦ ላይ በነፃ ትለማመደዋለህ። ክረምታችን የሰጠን ሌላው ጥቅም ይኸው ነው፤ የልምምዱ ጫፍ ከጭቃው፣ ከጉሙና ከብርዱ ጋር ይገጥማል።

ምርኩዝ ግዴታ አይደለም፤ ግን ረጅም ዳገት ላይ ከጭን ላይ ሸክም ያነሳል። ቁመትህን በ0.68 አባዛ፤ 170 ሳንቲ ሜትር ላለው ሰው 115 ገደማ ይመጣል። ከሁለት ወር በፊት ጀምረህ ካልተለማመድክበት ትከሻህን ነው የሚያደክምህ። በአውሮፕላን ስትሄድ በእጅ ሻንጣ ሳይሆን በሚጫነው ውስጥ ይግባ።

ጥያቄ፦ ጎህ ሳይቀድ ስንወጣ ጅብና ውሻ ያስቸግረናል። (የአንድ ሠፈር ሦስት ወጣቶች፣ ከሰበታ)

መልስ፦ ጅቡ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይሸሻል፤ ከ12 ሰዓት በፊት ብቻችሁን አትውጡ፤ አራት ሆናችሁ፣ ብርሃን ይዛችሁ፣ እያወራችሁ ሂዱ። ካያችሁት አትሩጡ፤ ፊታችሁን ሳታዞሩ ቀስ ብላችሁ ራቁ። የሚያሳስበው ውሻው ነው። ወደ እናንተ ሲመጣ ቁሙ፤ ድንጋይ ለማንሳት ማጎንበስ ብቻውን ብዙውን ይመልሰዋል። ከነከሳችሁ፣ ቁስሉ ጭረት ቢመስልም እንኳ፣ በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቡትና በዚያው ቀን ጤና ተቋም ሄዳችሁ የእብድ ውሻ ክትባት ጀምሩ። በሽታው ምልክት ካሳየ በኋላ መድኃኒት የለውም።

ስለ መብረቅ የጠየቃችሁትም እዚሁ ይመለስ። በክረምት ከሰዓት በኋላ ጋራ ላይ አትገኙ። ብልጭታው ታይቶ ነጎድጓዱ እስኪሰማ 30 ሰከንድ ካልሞላ ከሸንተረሩ ውረዱ፤ ብቻውን ከቆመ ባሕር ዛፍ ሥር አትጠለሉ፤ ምርኩዛችሁን አስቀምጡ፤ ተራርቃችሁ ሁኑ።

ጥያቄ፦ ጉልበቴን ሲያመኝ አይቡፕሮፌን ውጬ መጨረስ እችላለሁ? (ስም ያልጻፉ)

መልስ፦ አይሆንም። ሰውነት ውሃ ባነሰበትና ጡንቻ በተጎዳበት ሰዓት እንዲህ ዓይነቱ ማስታገሻ ኩላሊትን ለአደጋ ያጋልጣል። ለማለዘብ የሚያስፈልገው እርምጃ ማሳጠር ነው። እየተራመዱም ሕመሙ ከባሰ ውድድሩ ለዚያ ቀን አልቋል።

ጥያቄ፦ ባሌ ሳነቲ ላይ ሁለት ሳምንት ብለማመድ ለአልፕስ ይጠቅመኛል? (ዮ.፣ ከለገጣፎ)

መልስ፦ ለአልፕስ ብለህ ከሆነ አያስፈልግህም፤ ከፍታውን እዚሁ ይዘኸዋል። 4,000 ሜትር ላይ ያለው አየር ከባሕር ጠረፍ ጋር ሲነጻጸር ግፊቱ 60 በመቶ ገደማ ነው፤ ስለዚህ ከዝግታ በቀር ልምምድ አይደረግበትም፤ በዚያ ላይ ሳነቲ አምባ ነው፤ ቁልቁለት አያስተምርህም። ሄደህ ራስህን ካመመህና ከከበደህ፣ ሐኪም እስኪመጣ አትጠብቅ፤ 500 ሜትር ውረድ።

ጥያቄ፦ ስልክ በማይሠራበት ገደል ሥር ብወድቅ ማን ይሰማኛል? (ጽ.፣ ከለገጣፎ፣ ሁለተኛ ጥያቄ)

መልስ፦ እህታችን፣ መጀመሪያ ስልኩን ሞክሪ፤ በአውሮፓ የአደጋ ቁጥሩ 112 ነው፤ የራስሽ መሥመር ኔትወርክ ባይኖረውም ሌላ ኩባንያ ካለ በእሱ በኩል ይወጣል። ካልወጣ ፊሽካ አለሽ። በአንድ ደቂቃ ውስጥ በየ10 ሰከንዱ አንዴ፣ ስድስት ጊዜ ንፊ፤ አንድ ደቂቃ ዝም በዪ፤ ድገሚ። ሌሊት ከሆነ በዚያው ቁጥር ባትሪ አብሪ። የሰማሽ ሰው በደቂቃ ሦስት ጊዜ ይመልስልሻል፤ ቢመልስም ደርሶ እስኪያይሽ ድረስ አታቋርጪ፤ ድምፅ ገደል ውስጥ አቅጣጫ ያሳስታል። ሄሊኮፕተር ከመጣ ሁለቱንም እጅሽን ወደ ላይ ዘርግተሽ ቁሚ፤ እርዳታ እፈልጋለሁ ማለት ነው። አንድ እጅ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች ከሆነ አልፈልግም ማለት ስለሆነ፣ ለሰላምታ ብለሽ አንድ እጅሽን እንዳታውለበልቢ።

የሚያብለጨልጨውን ብርድ ልብስ ከጃኬቱ ላይ ሳይሆን ከሥር፣ ከሹራቡ በላይ ጠቅልዪው፤ ከላይ ከሆነ ነፋስ ይቀዳደዋል። ቦርሳሽን ከሥርሽ አንጥፈሽ ተቀመጪበት፤ ከአየሩ ይልቅ መሬቱ ሙቀት ይሰርቃል። ይህንን ሁሉ አንድ ዝናባማ ቅዳሜ እንጦጦ ላይ ከጓደኛሽ ጋር 15 ደቂቃ ተለማመጂው፤ በደነዘዘ ጣት ያንን ብርድ ልብስ መዘርጋት ምን ያህል እንደሚያስቸግር ያኔ ታያለሽ።